ግራ እጁን እንዳትጠግኚው

እቴቴ፣
የጥፍር ቀለምሽን አልሰረቅኩም፤ ለሕክምና ነው የወሰድኩት። የጋሼ አሮጌ የፕላስቲክ ወታደር መስኮቱ ላይ ቆሟል። ቀኝ ትከሻው የቀላው ቆስሎ አይደለም፤ ውሃ የሚመስለው ቀለምሽ አልቆብኝ በቀዩ ስለጨረስኩት ነው። ይቅርታ።

ክንዱ ይወልቅ የነበረው ትከሻው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጉጥ ተበልቶ ስለሳሳ ነው። ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ወፈር አለ። ከዚያ ደረቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩና ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ክንዱን ገፋሁት፤ ጠቅ ብሎ ገባ። እስከ ማታ አታንቀሳቅሺው።

ሰኞ ዕለት "ወይ ጠግነው ወይ ጣለው" ብለሻል።
በሩ ሥር ያስቀመጥሽውን ካርቶንም አይቻለሁ።
ጋሼ ከሞተ ወዲህ የእሱ የሆነ ዕቃ ሁሉ መንገድ የዘጋብሽ ይመስልሻል።

ግራ እጁን ግን ሆን ብዬ ተውኩት። ጋሼ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወታደሩን ይዞ "ጨብጠው እንጂ!" ይል ነበር። እጁ ተነቅሎ እንግዳው መዳፍ ላይ ሲቀር ደግሞ "እጁን ሰጠ! ጦርነቱ አለቀ!" ብሎ ይጮሃል። አንቺ ከወጥ ቤት "አንተ ሰውዬ፣ እረፍ!" ትያለሽ፤ ግን ከእሱ በላይ የምትስቂው አንቺ ነበርሽ።

ትናንት ለብቻዬ ሞከርኩት። እጁ መዳፌ ላይ ቀረ፤ የሚጮህ ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ማታ በሩን ስትከፍቺልኝ ወታደሩን ይዘሽ ጠብቂኝ። እኔ እጨብጣለሁ፣ አንቺ ትጮሂያለሽ።
ዝም ካልሽ የጥፍር ቀለምሽን እርሺው።