ወፍሮ የተመለሰው ፋይል

ለምወድህ ልጄ ለየኔሰው፣ መድኃኔ ዓለም በወጣህበት ሁሉ መንገድህን ይጥረግልህ። ሁላችንም ደኅና ነን፤ ሰቆጣም ዝናብ አግኝታለች።

ልጅህ ዘበነ እንዲማርበት በድምፅ መቅረጫ የቀዳሁትን የአባትህን ማኅሌት ልላክልህ ብዬ ለሙዚቃ ቤቱ ጌታሰው ሰጠሁት። በስልክ ቶሎ እንዲሄድ ጨምቆ ኤምፒስሪ አደረገው። ሳዳምጠው ጸናጽሉ እንደሚታኘክ ቆሎ ይንኮሻኮሻል! ልጁ ምቱን በምን ሊለይ ነው?

«ግድ የለም እማማ፣ ወደ ዋቭ፣ ወዳልተጨመቀው ዓይነት፣ መልሼ አሰፋዋለሁ» አለኝ።

አሰፋው። «ፋይሉ ወፈረ እንጂ ጸናጽሉ መች ተመለሰ?» ስለው፣ አብረውኝ የነበሩት አባትህ በሳቅ ፈረሱ። ደግነቱ ዋናው ከመቅረጫው አልጠፋም፤ እሱን ሳይጨመቅ በፍላሽ ልኬልሃለሁ።

ዘበነ ሲያዜም ቅረጽልኝ። አደራ፣ አትጨምቀው፤ ስሕተቱም ጥርት ብሎ ይሰማኝ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

እናትህ ትርፌ