ከአዲሱ ሴራሚክ ጀርባ

ዌንደል፣

ጠብ... ጠብ... ጠብ። መብራት ሳታበራ ትሰማዋለህ። ከፎቁ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ውሃ ይሰማኛል ስልህ «አንተ ህልመኛ፣ ጆሮህን ታከም» ካልከኝ ቦታ።

ባልዲውን ኩሽና ውስጥ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር አድርጌዋለሁ። ሲሞላ ድፋው። የምድር ቤቱን የውሃ መዝጊያ ዝጋ፤ ዝጎ ለእኔ አልዞር ብሏል።

በሩ ላይ ያለውን ቀይ ወረቀት እንዳትቀደው። የለጠፉት የከተማው የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ ወይዘሮ ሃልቮርሰን ናቸው። «ግድግዳው ሳይዘጋ ቧንቧውን ማየት ነበረብኝ። ፈቃዱ የታለ?» አሉ። እንዳስጠናኸኝ «ሴራሚኩ የድሮ ነው» አልኳቸው። በጣታቸው ቢነኩት ማጣበቂያው አልደረቀም። «ድሮ ማለት ማክሰኞ ነው እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ሳቁ። አንተ ዋሽ ያልከኝን እኔ አፈርኩበት።

«ፈቃድ ለፈሪ ነው» ስትል የነበርከው ጀግና፣ አሁን ያን የምትኮራበትን ግድግዳ በገዛ መዶሻህ ታፈርሰዋለህ። በአሥር ቀን ውስጥ ከፍተህ ካላሳየሃቸው ቤቱ ይታሸጋል፤ እናትህ የተዉልህ ቤት።

የፈቃዱን ማመልከቻ ሞልቼልሃለሁ። እስክሪብቶውም አጠገቡ ነው። መፈረም እንኳ አያቅትህም ብዬ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ግድግዳውን ስትዘጋ ባትሪ ያበራሁልህ እኔ ነኝ። ያን ቀንም ውሃው ይሰማኝ ነበር፤ ዳግም ግን አልነገርኩህም። ለእሱ ይቅርታ። ለሌላው ግን አይደለም።

ቁልፌን ማመልከቻው ላይ አስቀምጫለሁ።

ሄጃለሁ።

ኤመሪ