ያልተከፈቱት ስምንት ጠፈርተኞች

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

አራተኛው ካርቶን ጎብጧል። ባለፈው ሳምንት ቀጥ ያለ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ ማስመሪያ አጋደምኩበት፤ መሐሉ ላይ አንድ ጣት ያህል ተነሥቷል። ዝናቡ ስድስት ቀን አላባራም። ከከተማው በታች ሜዳው ውኃ ለብሷል፤ የቱ የሩዝ ማሳ፣ የቱ መንገድ እንደሆነ አይለይም። እርጥበቱ በግድግዳው እየተሳበ ይወጣል። ዛሬ ከወገቤ ደርሷል።

ስምንት ናቸው። ስምንት የፕላስቲክ ጠፈርተኞች፣ እያንዳንዳቸው በቀለማት ያሸበረቀ ካርቶን ላይ፣ በግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ታሽገው። አባቴ መንገዱ መጋጠሚያ ላይ ሱቅ በነበረው ጊዜ ሊሸጣቸው ያመጣቸው ናቸው። የገዛቸው የለም። የወረታ ሰው ያን ጊዜ ጨርቅና ጨው ነበር የሚፈልገው። አርባ ዓመት አለፋቸው፤ አንዱም አልተከፈተም። ከሱቁ ለእኔ የተረፉኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

ያወጣሁላቸው ሕግ፦

ሚስማር ላይ አይሰቀሉም። የአባቴ ሚስማር የሁሉንም መስቀያ ቀዳዳ ተርትሮታል።
አንዱ በአንዱ ላይ አይጋደምም፤ ሽፋኑ ይጨፈለቃል።
ፕላስተር አይነካቸውም።
በጋዜጣ አይጠቀለሉም፤ ቀለሙ ይጋባባቸዋል።
ፀሐይ አታያቸውም።
ማንም አይነካቸውም።

የመጨረሻውን መቼ እንደጨመርኩት አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

እማዬ ጠየቀችኝ። ምንም ጠይቃኝ አታውቅም፤ ለዚህ ነው የደነገጥኩት። የደሴን ጠፈርተኛ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከመደቧ ፊት ለፊት እንድሰቅልላት ትፈልጋለች። "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጋረድ" አለች። ሞራው የግራ ዓይኗን ወስዶታል። በቀኙ ጥላ ጥላውን ታያለች። ሐኪሙ ከክረምት በኋላ ነይ ብሏታል።

አይሆንም አልኳት። ምክንያቴን ደረደርኩ። መስኮቱ ብርሃን ያስገባል፣ ቀዩ ቀለም ይነጣል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ያልበዋል። ቀዳዳው ተቀድዷል፣ ካርቶኑ የራሱን ክብደት አይችልም። ለተማሪ እንደማስረዳ፣ አንድ በአንድ።

እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ "አባትህን ቀብሬው ነበር እኮ" አለች።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አንዲት ባጃጅ እስከ ግማሽ ጎማዋ ውኃ ውስጥ ገብታ ትጮኻለች።

ደሴን አንድ ጊዜ እዚህ ልጻፈው። ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። ጠፈርተኞቹ በመጡበት ክረምት ወባ ያዘው። አንዱን እንዲሰጠው አባቴን ለመነው። አባቴ "የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ከተከፈተ ማን ይገዛዋል?" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። አንዱን ከነካርቶኑ አምጥቶ ከአልጋው ፊት ሚስማር ላይ ሰቀለለት። እያየ እንዲድን።

ደሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። "ክንዱ ይንቀሳቀሳል?" እሱ ይንቀሳቀሳል ይላል። እኔ የዘጠኝ ዓመቱ ሊቅ አይንቀሳቀስም፣ ከደረቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው እላለሁ። ተወራረድን። ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት አልጋው ላይ ይቆምና ሽፋኑን በጥፍሩ ይጭራል። ጭረቱ ዛሬም አለ፣ ልክ ክንዱ ላይ። የደሴን ከሌሎቹ የምለየው በዚያ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ሐዘንተኛው ሲበተን አባቴ ካርቶኑን አውርዶ ወደ ሱቁ መለሰው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

ወደ ሩዝ መፈልፈያው ሄድኩ። ባለወፍጮው ጌጡ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ እሱ አስተማረኝ።

"መምህር፣ እርጥበት ነው እንዲህ ያከሳዎት? ስልኬ ርብ ወንዝ ገብቶ፣ ሩዝ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድሬው ነው የተነሣው። አሁንማ ከሚስቴ በላይ ያወራል።"

እንዴት አላሰብኩትም! ሩዝ ላይ ተቀምጠን። ከማሽኑ አፍ የሚወርደውን፣ ነጩን፣ አንድ ከረጢት አስሞላሁ። ሞቅ ያለ ነበር። ዝናብ እንዳይነካው በጋቢዬ ሸፍኜ አቀፍኩት።

"ክርስትና ሊያስነሡ ነው እንዴ?" ብሎ ጌጡ ሳቀብኝ። ተሸካሚዎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሙቀቱ ደረቴ ላይ ደስ ይል ነበር።

ቤት ስደርስ ሩዙን በአራት የጨርቅ ከረጢት ከፈልኩት። የቆርቆሮውን ሳጥን አራት ማዕዘን አስያዝኳቸው። መሐል ላይ ስምንቱን አቆምኳቸው፤ ሽፋን ከሽፋን እንዳይነካካ በየመካከላቸው የብስኩት ካርቶን ቆርጬ አስገባሁ። የክዳኑን ዙሪያ በፌስታል ጠቀጠቅሁት። አየር አይገባም፣ አየር አይወጣም። ከዚህ የተሻለ ያስቀመጣቸው የለም። አባቴም ጭምር።

እማዬን "እስከ እሑድ ይድረቁና አሳይሻለሁ" አልኳት። እሰቅልልሻለሁ አላልኩም። ልዩነቱን እሷም ሰምታዋለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 18

ጠዋት ሳጥኑን በእጄ ነካሁት። ለብ ያለ ነው። እየሠራ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከቀትር በኋላ እማዬ ከመደቧ ሆና "ሩዙ የት ነው? ሽታው ይሸተኛል፣ ድስቱ ግን ባዶ ነው" አለች። ነገርኳት። ቀና ብላ "አስጥተኸዋል?" አለች።

"ምኑን?"

"ከወፍጮ የመጣውን ነዋ። ሳይበርድ ተከደነ?"

"ተከደነ።"

"ወይ አንተ ልጅ! ትናንት የተዳረች ሙሽራ እንኳ ሳታሰጣ አትከድንም። ያልበዋል እኮ።"

ሮጬ ሄድኩ። ፌስታሉን ነቅዬ ክዳኑን አነሣሁት። ከውስጥ በኩል ቆርቆሮው ሁሉ ነጠብጣብ ነበር፤ ሳነሣው ዘነበ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ሩዙ ትኩስ፣ እኔ ደግሞ መውጫ ዘጋሁበት። የፎገራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ ከፎገራ ነኝ፣ ግን ባለሱቅ ቤት ነው ያደግሁት። በልቼዋለሁ እንጂ አኑሬው አላውቅም።

አምስቱ ረጥበዋል፣ ሙጫቸው ግን ይዟል። ሁለቱ በጠርዛቸው ተላጥ ተላጥ ብለዋል። የደሴ ሽፋን ሙጫው ለቆት በሙሉ ከካርቶኑ ወድቋል። ጠፈርተኛው ሳጥኑ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቷል።

አርባ ዓመት። አባቴ አልከፈተውም፣ ጎርፍ አልከፈተውም፣ አይጥ አልከፈተውም። የተንከባከብኩት እኔ ከፈትኩት።

ያለቀስኩ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። ፊቴም ረጥቦ ነበር።

አላነሣሁትም። ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 19

የገብርኤል ንግሥ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ነጭ ለብሷል። እማዬ መሄድ አልቻለችም። እኔ ለመሄድ አልፈለግሁም።

"ደረቁ?" አለችኝ።

ልዋሻት አስቤ ነበር። ቃሉንም አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ሄጄ ከሳጥኑ አነሣሁትና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። በጣቶቿ ዳሰሰችው። ራሱን፣ ደረቱን፣ እግሩን። ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ብዙ አየችው።

"ካርቶኑስ?"

"ለቀቀ፣ እማዬ። እኔ ነኝ።"

"ይህ ነው እንግዲህ" አለች። "ክብደት እንኳ የለውም።"

ክንዱን በሁለት ጣቷ ያዘች። ይሰበራል ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ቀጭ አለ። ክንዱ ወደ ላይ ወጣ።



"አይንቀሳቀስም ትለው ነበር" አለች።

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ 'ሲሻልህ ታየዋለህ' እለው ነበር።" ክንዱን መልሳ አወረደችው። ቀጭ። "አባትህ ሱቅ ውሎ ይገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ። መቀስም ነበረኝ።"

ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። እጇን ልይዝ ስል ጠፈርተኛውን አጥብቃ ያዘችው፣ የምወስድባት መስሏት። ተውኳት።

ጌጡ ደወለ። "መምህር፣ ደረቀልዎት?" አለ። "ደረቀ" አልኩት። እሱ ምን አጠፋ?

በምን እንደተወራረድን ለማስታወስ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩ። ብይ ይሆን? አልመጣልኝም።

ሩዙን ሰሌን ላይ አስጥቼዋለሁ፤ አሁን ምን ሊረባ። ሰባቱ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ሁሉም ጎብጠዋል። ከጎናቸው ሙጫ አለ። ምላጭም አለ፤ ከመሳቢያው መቼ እንዳወጣሁት እንጃ። የቱን እንደማነሣ አላውቅም። ጎን ካለው ክፍል ድምፁ ይሰማኛል። ቀጭ። ቆም ትላለች። ቀጭ።