ሁለተኛ እስክትጠይቀኝ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1988

ዛሬም እንግዳ ሞልቶ ዋለ። ከፎርት ዎርዝ የመጡ አስተማሪዎች ናቸው፤ አድረው ስለ ድህነት ሊወያዩ። የቤቱ ሥራ ይኸው ነው… ከግሬፕቫይን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሜዳ መሀል፣ ድሮ አንድ የከብት ሀብታም ያሠራው የድንጋይ ቤት። አሁን የከተማ ሰዎች እየመጡ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ስለ ኅብረተሰብ ይነጋገሩበታል። እኔ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ። ክፉ ሥራ አይደለም።

ሳህን ሳጥብ ኃላፊዋ ሚስ ካሮል መጣች። ጠባቂው ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ከጓሮ ያለችው ትንሽ ቤት ባዶ ልትሆን ነው። "ከልጅሽ ጋር ለምን አትገቡባትም? ኪራይ የለውም። ማታ ማታ ግቢውን ማየት ብቻ ነው።"

በልቤ እሺ ብያለሁ። ቤቷ ሁለት መኝታ ክፍል አላት። አፌ ግን ምን አለ? "ኧረ በፍጹም፣ ለኔ ይበዛል። ለሌላ ሰው ስጪው።"

"እሺ፣ ገባኝ" ብላኝ ሄደች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20

ለአይናዲስ ነገርኳት። የአክስቴ ልጅ ናት። እኔና ልጄ ቃልኪዳን አዲሰን ከተማ ባለው አፓርታማዋ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ሶፋ ዘርግተን ነው የምንተኛው።

"እምቢ አልሽ?" አለችኝ።

"እምቢ አላልኩም። ትንሽ ተግደረደርኩ እንጂ።"

"ሲግደረደሩ ጾም ያድሩ አሉ" ብላ ወደ ባሏ ሄደች።

ታዲያ ምን ልበል ነበር? ገና ከአፏ ሳይወጣ ዘልዬ ልያዘው? ጨዋ ሰው ይለመናል። ከልቧ ከሆነ ደግማ ትጠይቀኛለች። ከልቡ የሆነ ሰው ይደግማል…

ለቃልኪዳን አልነገርኳትም። እርግጠኛ ሳልሆን ምን ብዬ? አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ የራሴ ክፍል ከሌለኝ ሲያትል አባቴ ጋ እሄዳለሁ ብላለች። "ሲሪየስ ነኝ፣ ማሚ። ፍሬንዶቼን የት ላምጣቸው? የአይናዲስ ሳሎን?" አባቷ ክፍል አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ሚስ ካሮል ደግማ አልጠየቀችኝም። አጠገቧ ቆሜ የተወለወለ ብርጭቆ መልሼ ወለወልኩ። "ደከመሽ እንዴ?" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

የዛሬዎቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ርዕሳቸው "አዲስ መጤዎች ከኛ ምን ይሻሉ?" የሚል ነው። ሚስ ካሮል ከወጥ ቤት ጠርታ ክቡ መሀል አስቀመጠችኝ።

"ሰብለወርቅ፣ ከኛ ምን ትፈልጊያለሽ? ሳትፈሪ ንገሪን።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ከኋላዋ በመስኮቱ ትንሿ ቤት ትታያለች፤ በሯ ሳይቀር። በይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ… ክፍል በያቸው። ለልጄ ክፍል በያቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም። ብቻ እናንተ ጤና ሁኑልኝ" አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። አንዷ ልጅ እንባዋን ጠረገች። ሚስ ካሮል እጄን ይዛ "ምንም የማትፈልግ ሴት" አለችኝ። ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 11

አይናዲስ ናት "ስለ ትንሿ ቤት ሽማግሌ ይላክ" ያለችው። ጋሽ ንዋይና አቶ ይርጉ ሰው አስታርቀው፣ ዳኝተው የሚያውቁ ናቸው። ከቅዳሴ መልስ ከረባታቸውን አስረው፣ ኬክ ይዘው መጡ። እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እልጣለሁ።

ሚስ ካሮል ደስ ብሏት ተቀበለቻቸው። ክፍል በክፍል አዞረቻቸው፤ ማን እንደሠራው፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ነገረቻቸው። ጋሽ ንዋይ ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ "ዋንደርፉል" ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ በቃ፣ ወጡ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። "ጉዳዩን አነሡላት፣ ጋሼ?"

"ምን ነካሽ፣ ልጄ? ምን እግር ጣላችሁ ብላ መች ጠየቀችን? ሳይጠየቁ ነገር መዘርገፍ ነውር ነው። ዛሬ መተዋወቂያ ነው፤ በሁለተኛው ይነሣል።"

"ጨዋ ሴት ናት" አሉ አቶ ይርጉ። "ፓርክ ያደረግንበት ድረስ ሸኘችን እኮ።"

ምን ልበላቸው? እኔው ነኝ፣ ከረባት አሳስሬ የላክኋቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ሚስ ካሮል ትንሿን ቤት ከኦክላሆማ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጠቻቸው። መጋረጃ ሲሰቅሉ አየሁ። ጋሽ ንዋይ ጋ ደወልኩ። "ምነው? በሚቀጥለው ሳምንት ልንሄድ ነበር እኮ" አሉ፤ ከልባቸው አዝነው።

በማን ልናደድ? ሚስ ካሮል ምን በደለችኝ… ጠየቀችኝ፣ አይሆንም አልኳት።

እሑድ፣ ሰኔ 2

ቃልኪዳንን ወደ ሲያትል ልሸኝ ኤርፖርት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ስትቀያይር ነበር። እስከ መግቢያው በር አብሬያት ገባሁ። ሰዎች መሳፈር ጀመሩ። እሷም ተሰልፋ ሳለ ተመልሳ መጣች።

"ማሚ… ማለቴ፣ ልቅር? እንድቀር ትፈልጊያለሽ?"

"ኧረ ሂጂ። ለኔ አታስቢ፣ እኔ ምንም አልሆንም።"

ትንሽ አየችኝ። ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ቆምኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንዴ ብትደግመው እዚያው ይዣት እቀር ነበር።

"ኦኬ" አለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች።

ምን አደረግኩ? ምን ነበር ያደረግኩት?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ሶፋው ሰፋኝ። ጠርዙ ላይ ተኛሁ፣ እንደለመድኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4 ቀን 1989

አዲስ ዓመት መጣ፣ ሄደ። ቤቱ ዛሬም ሰው ሞልቶት ነበር። ስለ ቤተሰብ ሲወያዩ ውለው ሄዱ። ሚስ ካሮል የተረፈ ፓይ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። "ትፈልጊያለሽ?"

"አዎ፣ ስጪኝ" አልኩ።

ምንም አልገረማትም። አቀበለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ይኸው ነው እንግዲህ። አዎ ማለት ይቺን ያህል ናት። ቆሜ በላሁት፤ እየበላሁ አለቀስኩ።

ማታ ሲያትል ደወልኩ። እንደምን አለሽ እንኳን ሳልላት፣ "ቃልዬ፣ ተመለሺልኝ። እፈልግሻለሁ።"



"ማሚ፣ ስኩል ጀምሬያለሁ እኮ። ፍሬንዶች አሉኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ሶ፣ ያኔ ኤርፖርት ጠይቄሽ ነበር።"

"አንዴ ነው የጠየቅሽኝ፣ ልጄ።"

"ስንቴ ነበር መጠየቅ ያለብኝ?" አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም። እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው።