ራስ ምታት የማይነገርበት ቤት

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬም ጠዋት ክብ ሠርተን ቆምን። የሆቴሉ ሠራተኛ በሙሉ፣ ከአትክልተኛው እስከ ወጥ ቤቷ። ማርግሪት፣ ባሊ ለሚመጡ እንግዶች በጎ ማሰብ የምታስተምረው ፈረንጅ፣ እየዞረች "ዛሬ እንዴት ነሽ ሱከርቲ?" አለችኝ። መልሱ ለሁላችንም አንድ ነው። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል... "ድንቅ ነኝ" አልኩ። ምን ልበል? ገና ስንት ክፍል አልጋ ማንጠፍ ይጠብቀኛል።

እኔስ እንጀራዬ ሆኖብኝ ነው። ልጄ ራቲህ ግን የምሯን አምናበታለች። የማርግሪት ረዳት ከሆነች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ክፉ ቃል አይወጣም። ሩዙ አረረ ማለት እንኳ ሟርት ሆኗል። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት "ውሃ ነው እማ፣ ይሄዳል" ትላለች።

ይሄዳል? የት ነው የሚሄደው?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

አዋላጇ ጋ ወሰድኳት። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። አዋላጇ አላሽሞነሞነችም። "ራስ ምታቱ ከጠናባት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ነገ ሳትሉ ሆስፒታል። ይሄ ነገር እናትም ልጅም ይወስዳል።" መድኃኒት ሰጠቻት።

በሞተር ስንመለስ ራቲህ ከኋላዬ ሆና "ለአርዳና እንዳትነግሪው" አለች። ባሏ የመርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ባሕር ላይ።

"ምን ልበለው ታዲያ?"

"ደህና ናት በይው።"

"ደህና ነሽ?"

"እማ፣ አታሟርቺብኝ።"

የገዛ ልጄ አፌን ዘጋችው።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ተዋረድኩ። አዋረድኩም።

ፓ ሱወና፣ የሰፈሩ ጠባቂዎች አለቃ፣ ሱቅ በር ላይ አገኘኝ። ለቤተ መቅደሱ የአበባ መባ ሲሠራ አልነበርኩም፣ ባለፈው ጊዜም አልነበርኩም። ሥራ ነዋ! "ሱከርቲ፣ አንቺን ለማግኘት ሆቴሉ ውስጥ አልጋ መያዝ አለብን መሰለኝ" አለ፣ ሰው እየሰማ። አንገበገበኝ። "ላንተም ይነጠፍልሃል፣ ብቻ እግርህን ታጥበህ ና" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ምነው አፌን በቆረጠው። ቅዳሜ ኜፒ ነው፣ የዝምታው ቀን። እሳት የለ፣ መብራት የለ፣ ከቤት መውጣት የለ፣ አውሮፕላን እንኳ አይነሣም። የጨነቀው ሰው ቢወጣ በፓ ሱወና ፈቃድ ነው። ራቲህ ሕመሙ የሚጠናባት ያን ቀን ቢሆንስ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ፊቷ አብጧል። ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የሚታየኝ? ግንባሯን ይዛ አገኘኋት። "አመመሽ?" ብላት "እያሰላሰልኩ ነው" አለች።

ማርግሪትን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። "አንቺን ትሰማለች፣ ሆስፒታል ሂጂ በያት" አልኳት። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ክፋት የላትም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። "ሱከርቲ፣ ፍርሃትሽን ነው የምታወርሻት" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። እውነት ይሆን? እኔ ነኝ የማሳምማት?

ዓርብ፣ መጋቢት 19

"ዛሬ እንሂድ፣ ነገ መውጫ የለም።"

"ሰኞ ቀጠሮ አለኝ እኮ እማ። ነገ ለምን እወጣለሁ?"

ሲመሽ ጎረምሶቹ ለኜፒ ዋዜማ የሠሯቸውን ትልልቅ የጭራቅ ምስሎች ተሸክመው፣ ከበሮ እየደበደቡ በበራችን አለፉ። ራቲህ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ኜፒ። መጋረጃው ተዘግቷል። ውጭ ዶሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ራቲህ ተኝታለች። ተኝታ ነው ግን? ድምፅዋ ጠፋ... ልሂድ ልያት።

እሑድ፣ መጋቢት 21፣ ሆስፒታል

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ስገባ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች። "እማ፣ ብልጭ ብልጭ ይላል... ያምራል" አለች። አዋላጇ ጋ ደወልኩ፣ አይነሣም። በባዶ እግሬ መንገድ ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ፓ ሱወና የጠባቂነት ጥቁርና ነጭ ዳማ ጨርቁን አገልድሞ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። አሁን ይበቀለኛል ብዬ ነበር። "ልጄ ልትሞትብኝ ነው" አልኩት። ያቺን ቃል ስንት ቀን ዋጥኳት።

ዞሮ ሮጠ። የወንድሙን ሚኒባስ ይዞ ሲመጣ ሁለት ጠባቂዎች በሞተር ከፊት እየመሩት ነበር።

መኪናው ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝታ "እማ፣ ፈራሁ" አለች።

"እኔም ፈርቻለሁ።"

"በጎ ነገር ንገሪኝ።"

በጎ ነገር... ማርግሪት የምትለውን ሁሉ ፈለግኩ፣ አንዱም አልመጣልኝም። ቀና ስል መንገዱን አየሁ። ያ ሁልጊዜ መኪና ተቆላልፎ ሰው የሚሰዳደብበት መንገድ፣ አንድ ውሻ ብቻ ተኝቶበታል።

"መንገዱ ባዶ ነው ራቲህ። አንድ መኪና የለም። ባሊ በሙሉ መንገዱን ለቆልሻል፣ እየበረርን ነው።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

እጄን ጨበጠችው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ከእጄ ነጥቀው ወሰዷት። ቀዶ ሕክምና አሉ። ፓ ሱወና ሳይናገር አጠገቤ ተቀመጠ። በኋላ ሐኪሟ ወጥታ "ሁለቱም ተርፈዋል" አለች። ሕፃኗ ሴት ናት፣ ትንሽዬ። "በአዘቦት ቀን ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ነበር የሚጥላት" አለች። ስፈራው የከረምኩት ቀን ነው ልጄን ያተረፈልኝ።

ፓ ሱወና ያኔ ነው አፉን የከፈተው። "እግሬን ታጥቤ ነው የመጣሁት" አለ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማቆም አቃተኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሥራ ገባሁ። ክቡ። "እንዴት ነሽ ሱከርቲ?"

"ደክሞኛል። ሕፃኗ ስታለቅስ አደረች።"

አትክልተኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ "እኔንም ጥርሴን አሞኛል" አለ። ወጥ ቤቷ ጉልበቷን። እንዲህ እያለ ዞረ። ማርግሪት ተራዋ ሲደርስ መሬት መሬት እያየች "ራቲህን ልጠይቃት ይገባኝ ነበር" አለች። ነይ ቤት፣ ዛሬም ይቻላል አልኳት።

አርዳና ሁሉንም ሰምቷል። ራቲህ ራሷ ነች የነገረችው። በስልክ አብረው ተላቀሱ።

ማታ ስገባ ራቲህ ሕፃኗን አቅፋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "እማ፣ ስፌቱ ያሳክከኛል፣ ጡቴን አሞኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሩዙም አረረ" አለች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ። ቁጭ ብዬ ያረረውን ሩዝ ጥርግ አድርጌ በላሁት።