ስለ ፋብሪትዚዮ ክርን

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለተክሌ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና መጠየቅ ደንብ ነው። የአንተ ጤና ከእንግዲህ የሚያሳስብ አይደለም፤ ካረፍክ አንዱ ፋሲካ አልፎ ሌላው መጥቷል። ስለዚህ በቀጥታ ሮም ውስጥ ጤናው እንቅልፍ ወደነሳኝ ብቸኛ ፍጡር ልለፍ። ያ ኳስ ወርዋሪህ ፋብሪትዚዮ፣ እነሆ ዛሬም ታሟል።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሄለን አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል ጠረጴዛ አስገብታለች። ስትቆጣኝ በጣልያንኛ፣ ሲርባት በአማርኛ ነው። ማሞቂያው አሁንም ያቃስታል። አሎራ፣ ወደ ጉዳዬ።

ተክሌ፣ ለመሆኑ እኔን ቤዝቦል ምን አገባኝ? አስመራ ልጅ ሳለህ ከአሜሪካኖች ግቢ አጥር ላይ ተንጠልጥለህ ያየኸውን ጨዋታ ሮም ድረስ ተሸክመህ የመጣኸው አንተ። ከሮማኒና ሰፈር ወዲያ ያለውን ሜዳ ያገኘኸውም አንተ። አንዱ እስኪወረውር፣ ሌላው በዱላ እስኪመታ፣ ርዝመቱ የሁዳዴን ቅዳሴ ያስንቃል፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንህ ሹራቤን እሠራ ነበር። ታዲያ ማን ተሳል አለህ? ፋብሪትዚዮ የአንድ ጨዋታ ዘጠኙንም ዙር ብቻውን ወርውሮ ከጨረሰ ለቅዱስ እስጢፋኖስ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ ብለህ ተስለህ፣ ሳታደርስ ሄድክ። የሟች ስለት በማን አንገት ላይ እንደሚቀር ታውቃለህ። የማኅበር ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር «አንቺ፣ የተክሌ ጃንጥላስ?» ይሉኛል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የደበቅኩት ይመስል።

ሰውየው ግን አይጨርስም! አንዴ ሲያስነጥስ ጎኑን ያዘው። አንዴ የገበያ ከረጢት ሲያነሳ ትከሻው ወለቀ። በእህቱ ሰርግ ሲጨፍር እግሩን ወለም አለው። የሰው ባል ከግንባታ መሰላል ወድቆ ሰኞ ሥራ ይገባል፤ ይሄኛውን ትራስ ያሳምመዋል።

በመጨረሻ ክርኑን ሲይዝ ትዕግሥቴ አለቀ። ሐኪሞቹ ያደረጉለት ነገር ቢኖር በረዶ ማሰር ነው። በረዶ! የሮማኒናዋን ወጌሻ፣ እማማ ለተብርሃንን፣ በአውቶቡስ ይዣቸው ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ፋብሪትዚዮ ያሳደጉት ልጅ ነውና «ቦንጆርኖ ሲኞራ» ብሎ ለሰላምታ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እማማ ያዙት። አልለቀቁትም። ዘይት አፈሰሱ፣ አሹት፣ ጎተቱት፣ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እሱ «ማዶና!» እያለ እመቤታችንን እየተጣራ፣ እሳቸው «ዝም በል፣ ወንድ አይደለህ!» እያሉ፣ ሥራው ተፈጸመ።

ላባቸውን ሲጠርጉ አሠልጣኙ እየሮጠ ደረሰ። ለካ ፋብሪትዚዮ ግራኝ ነው! የታመመውም ግራው ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ስታየው አንድ ቀን አትነግረኝም? እኔን አትጠይቀኝ፣ ዓይኔ ሹራቤ ላይ ነበር። እማማ ደግሞ ያፈሩ እንዳይመስልህ። ለወጌሻ ጤነኛ እጁን የሚሰጥ ሰው ራሱን ያስመርምር ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። እውነታቸውን ነው። አሁን ግራው ሳይድን ቀኙ አብጦ፣ ኳስ የሚይዝበትን ጓንት ማጥለቅ እንኳ አቅቶት ተቀምጧል።

በንዴት ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄጄ ለቄሱ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው፣ የተባለው ካልሆነ ስለቱም የለም፤ ተክሌ ነፃ ነው፣ አንቺም ነፃ ነሽ፣ ቅዳሜሽን ከሜዳው ቀርተሽ ቤትሽ ዕረፊበት አሉኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ። ቤቴ ልረፍ? ከማን ጋር? እዚያ ሜዳው አግዳሚ ላይ ከጎኔ ያለውን ቦታ ቦርሳዬን አስቀምጬ እከላከላለሁ፤ ሰው አለበት ወይ ሲሉኝ፣ አዎ፣ አለበት እላለሁ። ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። አባ፣ እባክዎ ስለቱን አይፍቱብኝ አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ያ ሰው አንድ ቀን ተሽሎት ይመለሳል፤ ሁለት ዙር ወርውሮ ደግሞ አንድ ቦታውን ይይዛል። ያኔ እንደ አንተ ብድግ ብዬ፣ እንደ አንተ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «አንተ የቅቤ አጥንት!» እለዋለሁ፤ ሰው ቢዞርም ዞሮ ይይ። እኔ በሕይወት እያለሁ ፋብሪትዚዮ ያንተን ስድብ ሳይጠጣ ከሜዳ አይወጣም።

ያንተው ብርክቲ