የግራ እጄ ቁጥር

ለውድ እኅቴ ለእታለም ካሣነሽ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የገብሱ አውድማ ተነሣ፣ ላሟስ ወለደች? እኔ ወንድምሽ ክንዴ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ፊደሉ ተንጋዶ ታናሻችን አምሳሉ ሲያነብልሽ ቢደናቀፍ አትቆጪው፤ በግራ እጄ የጻፍሁት ነው።

ከንፋስ መውጫ የመጣው ነጋዴ ወሬሽን ነግሮኛል። የወገዳው ጥጋቡ ሽማግሌ ቢልክብሽ፣ «ወንድሜ እጁን አጥቶ ሲመጣ ማን ያጎርሰዋል?» ብለሽ መለስሻቸው አሉ። መጋዙ የቀኝ እጄን ጣቶች ሲወስዳቸው ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ በእኛ በአራቱ ታናናሾችሽ ምክንያት ስንት ሽማግሌ መለስሽ? አሁንስ ይብቃሽ። ሥራዬን አላጣሁም፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሐኪም ቤት ሳለሁ፣ ከጎኔ አቶ ቀለመ ወርቅ የሚባሉ የሒሳብ አስተማሪ እግራቸው ተሰብሮ ተኝተው ነበር። ስተክዝ አዩኝና በቀረችው እጄ እስከ ስንት እንደምቆጥር ጠየቁኝ። እስከ አምስት ነዋ፣ አልኋቸው። ሳቁና እስከ ሠላሳ አንድ አስቆጠሩኝ። እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ፣ እስክይዘው ድረስ አልሰለቹም።

እስቲ ግራ እጅሽን አንሺ፣ አምሳሉም ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። አውራ ጣት አንድ ናት። ቀጥላ ያለችው ሁለት፣ የመሐሏ አራት፣ የቀለበቷ ስምንት፣ ትንሿ ዐሥራ ስድስት፤ እያንዳንዷ የፊተኛዋ እጥፍ ናት። የቆመችው ትቆጠራለች፣ የታጠፈችው ዝም ትላለች። አምስት ስትፈልጊ አውራ ጣትንና የመሐሏን ታቆሚያለሽ። አውራ ጣት ከታጠፈች ቁጥሩ ለሁለት እኩል ይካፈላል፤ ከቆመች አንድ ይተርፋል። ቁጥር ሁሉ የራሱ አቋቋም አለው፣ ከሌላው ጋር አይምታታም።

ወደ መጋዙ ቤት ስመለስ አሠሪዬ ሊያሰናብቱኝ ነበር። ጣውላ መኪና ላይ ሲጫን ግን፣ በመጋዙ ጩኸት ቆጣሪው ሁሉ ቁጥሩ ይጠፋበታል። እኔ አፌን ዘግቼ በጣቴ ያዝሁላቸው፤ አምስቱም ጣቶች ቆመው ሠላሳ አንድ ሲሞላ አንድ ጠጠር ኪሴ እጨምርና እንደገና እጀምራለሁ። ሰው ቢያናግረኝም ጣቶቼ አይረሱም። አሠሪዬ ጭነቱን አስወርደው ቢያስቆጥሩት ልክ ሆነ፣ ቆጣሪ አድርገውም አስቀሩኝ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ መቁጠሩን ግን ይቆጥራል። አጉራሽም አልፈልግም፣ በግራዬ እንደ ልቤ እበላለሁ።

ስለዚህ እታለም፣ እባክሽ የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ ማርያምን ወገዳ ድረስ ላኪያቸው። ጥጋቡ ጨዋ ሰው ነው፣ ባልተቆረጠ ነገር አይቀየምም። ሠርግሽን ሳላይ ብቀር ግን እኔ እቀየማለሁ።

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። አውራ ጣት እኔ ነኝ በይ። ቀጣይዋ አምሳሉ ነው፣ በትምህርቱ ይበርታ። የመሐሏ ጥሩዬ ናት፣ ጉንጯን ሳሚልኝ። የቀለበቷ ባንቺዓለም ናት፣ አድጋ እንደሁ ጻፉልኝ። አራታችን አብረን ብንቆም ዐሥራ አምስት ነን። ትንሿ ጣት አንቺ ነሽ። ብቻሽን ቆመሽ ዐሥራ ስድስት ነሽ፤ አራታችን ብንደመር እንኳ ካንቺ በአንድ እናንሳለን።

ያሳደግሽው ወንድምሽ ክንዴ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.